ሐረሪ ቤት ውስጥ ስትቀርጹ፦ ነጸብራቅን ለማጥፋት ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች

ጁገል (በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር) ውስጥ ባህላዊ ቤት ተፈቅዶላችሁ ካሜራ ስታቆሙ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ግድግዳው ነው። ስፌቱ፣ ሰሃኑ፣ ትሪው ተደርድሯል። ሲያዩት ያምራል። ካሜራ ላይ ግን አንዱ ሰሃን መብራቱን፣ ሌላው ካሜራ ማኑን ራሱን ያሳያል።

እቃውን ማውረድ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። "በቃ አውርዱት" ይባልና ግድግዳው ይራቆታል። የተራቆተ ግድግዳ ደግሞ የሐረሪ ቤት አይመስልም።

መጀመሪያ ሰሃኑ ላይ የሚያበራው ምን እንደሆነ ለዩ። ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ሰው ሞኒተሩን ይይ፣ ሌላው በየመብራቱ ፊት እጁን ያሳልፍ። ሰሃኑ ላይ ያለው የብርሃን ነጥብ ብልጭ ድርግም ካለ መንስኤው ተገኘ ማለት ነው። ያንን መብራት ወደ ጎን ውሰዱት ወይም ከፍ አድርጉት።

ዝርግ ትሪና የፎቶ ፍሬም ከሆነ ከላይኛው ጠርዙ ጀርባ የታጠፈ ወረቀት ሻጥ ይደረግበታል። ትንሽ ወደ ታች ካዘነበለ ነጸብራቁ ከሌንሱ ይወጣል። ጎድጓዳ ሰሃን ግን ብታዘነብሉትም ነጥቡ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። እዚያ ላይ መብራቱን በሰፊ ነጭ ጨርቅ አለስልሱት። ነጥቡ ሰፍቶ ይደበዝዛል፣ ዓይንም አይወጋም። ታዲያ እቃውን ከመንካታችሁ በፊት የቤቱን እመቤት አስፈቅዱ። ቢቻል እሷው ብትነካው ይሻላል።

ስፕሬይ መንፋት

ነጸብራቅ የሚያደበዝዝ ስፕሬይ አለ፤ ለራሳችሁ እቃ ችግር የለውም። የሰው ቅርስ ላይ ግን በፍጹም አይነፋም።

ፖላራይዘር ሁሉን ይፈታል ማለት

ፖላራይዘር ሌንሱ ፊት የሚገጠም ነጸብራቅ ቀናሽ ማጣሪያ ነው። ለመስታወት፣ ለውሃና ለቫርኒሽ ጥሩ ነው። ለናስና ለአሉሚኒየም ግን እምብዛም አይረዳም። መስታወትም ቢሆን ፊት ለፊት ከቀረጻችሁት ለውጡ ብዙ አይታይም፤ በደንብ የሚሠራው በሰያፍ፣ ከፊት ለፊቱ መስመር 56 ዲግሪ አካባቢ ዞር ስትሉ ነው። ከ1.5 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃንም ይወስዳል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ማለት ነው)። ብርሃኑ በአብዛኛው በበር በሚገባበት ቤት ይሄ ቀላል አይደለም።

ነጭ ለብሶ መምጣት

ነጭ ልብስ ሰሃኑ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ከካሜራው ጀርባ የሚቆም ሁሉ ጥቁር ይልበስ።

ባጃጅ ውስጥ መብራት መጨመር

ድሬዳዋ ላይ ባጃጅ ከፊት ለፊት ስትቀርጹ ሹፌሩ አይታይም፤ መስታወቱ ላይ ያለው ሰማይ ነው። ብዙዎች ውስጡን ለማብራት ይሯሯጣሉ። ይልቅስ ካሜራው ከሚያየው ውጪ፣ ከመስታወቱ በላይ ወደ ፊት ወጣ አድርጋችሁ ጥቁር ጨርቅ ወጥሩ። ሰማዩ ሲሸፈን የሹፌሩ ፊት ይወጣል።

ላብ ላይ ፓውደር ማድረግ

በድሬ ሙቀት ግንባር ያብረቀርቃል። ላቡ ሳይደርቅ ፓውደር ከተደረገ ይቦካል፣ ክሎዝ አፕ ላይም ያስጠላል። መጀመሪያ በሶፍት ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ፤ አትጥረጉት። ከዚያ ስስ ፓውደር ይበቃል።