ምግብ ቤት የሆነን የቤተሰብ ቤት ታሪክ እንዴት ማጣራትና መጻፍ ይቻላል?

ከሰው በፊት ቤቱን ይመርምሩ። ወሬው ከቀደመ ዓይን የሚያየው የሰማውን ብቻ ነው። የመመገቢያ አዳራሹ ታድሶ ስለሚሆን ከኮርኒሱ በላይ ይጀምሩ፤ እዚያ ብዙ ጊዜ እድሳት አይደረግም።

ከጣሪያው ዋና ተሸካሚ እንጨቶች፣ ከሦስት አራት ቦታ ሚስማር ይዩ። ዘንጉ ድቡልቡልና ወጥ ውፍረት ያለው የሽቦ ሚስማር በብዛት የተሠራጨው እ.ኤ.አ. በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ጫፉ የሚቀጥነው ከዚያ የቀደመ ሊሆን ይችላል። ከበር መቃን ላይ የተነቀለ ሚስማር አይመኑ፤ በሮች ብዙ ጊዜ ይቀየራሉ።

በየበሩ የግድግዳውን ውፍረት ይለኩ። የውስጥ ግድግዳ የውጩን ያህል ከወፈረ፣ ድሮ የቤቱ ጠርዝ እዚያ ነበር ማለት ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ ወጥ ቤቱ፣ በኋላ የተቀጠለ ነው። ወለሉን የሚያቋርጥ የተለየ ጣውላ ካለ ደግሞ ግድግዳ ፈርሶ ይሆናል። አሮጌ ቀለም ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፋቁ።

ከሰነዶች ሁሉ የሚጠቅመው ቤቱ ወደ ምግብ ቤት ሲለወጥ ለፈቃድ የቀረበው ንድፍ ነው። ነባሩን ቤት ከነክፍሎቹ ስለሚያሳይ፣ ከሽያጭና ከውርስ ውል የማይገኘውን ይነግራል።

ዘመዶችን ለየብቻ ያነጋግሩ። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ መጠየቅ ግምት ያመጣል። «አሁን ወጥ ቤት የሆነው ክፍል ውስጥ ማን ይተኛ ነበር? ያኔ የመጨረሻው ልጅ ተወልዶ ነበር?» ይበሉ። ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ከተናገሩ ከማን እንደሰሙ ይጠይቁ፤ ሁለቱም ከአንድ አያት ከሰሙት ምንጩ አንድ ብቻ ነው።

ፎቶዎችን ከነጀርባቸው በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ያድርጉ። ቀንና የፎቶ ቤት ማኅተም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጀርባ ነው። ማስታወሻ ካስፈለገ በስስ እርሳስ፣ ሳይጫኑ ይጻፉ፤ የስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ገጹ ሊዘልቅ ይችላል። በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ግን የፎቶው ቅጂ ይሁን፤ የወጥ ቤት እንፋሎትና ቅባት ዋናውን ያበላሸዋል።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቤቱ ታሪክ ጽሑፍ ከ100 ቃላት ባይበልጥ ይመረጣል። በሰነድ የተረጋገጠውን «ነው»፣ በቃል ብቻ የተገኘውን «ይባላል» ብለው ይለዩ። መሃሉ ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ሰው ተራ በሚጠብቅበት መተላለፊያ ይሰቀል። ከጠረጴዛ በላይ ከሆነ ማንም በሌላ ሰው ሳህን ላይ አጎንብሶ አያነበውም።