አባረርነው፣ ከሰሰን፤ ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?

የሥራ ውል መፈረም፣ የጡረታ መዋጮ በየወሩ ማስገባት፣ ይሄን ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። የምጽፈው ካፌ፣ ጋራዥ ወይም ሱቅ ላላችሁ ነው። ሕጉ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

ምልክቱ፦ ሠራተኛው መቅረት አበዛ። አንድ ቀን ንዴታችሁ ገነፈለና «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አላችሁት። ብዙም ሳይቆይ መጥሪያ መጣ።

መንስኤው፦ አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው ንጹህ ስለሆነ አይደለም። ፋይሉ ባዶ ስለሆነ ነው። በመቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ (ማለትም ስንብቱን አስቀድሞ ሳያሳውቁ፣ ወዲያውኑ) ለማሰናበት በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን መቅረት አለበት፤ ያውም በጽሑፍ እየተነገረው። ማርፈድ ከሆነ 8 ጊዜ ነው። «ስንቴ መከርኩት መሰለህ!» ይሉኛል። ምክር ፋይል ውስጥ አይገባም።

ባሰ ሲል ደግሞ ወረቀቱን ኋላ ላይ ያመርቱታል። አንድ ባለ ካፌ ሦስት ማስጠንቀቂያ ይዞልኝ መጣ። በአንድ እስክሪብቶ የተፈረሙ፣ እጥፋት እንኳ የሌላቸው። የሁለተኛው ቀን ጥር 11 ይላል። ጥምቀት! ካፌው ዝግ ነበር፤ ሰውዬው ራሱ ጃንሜዳ ነበር። ይሄ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ በወንጀል ያስጠይቃል። አታድርጉት። በጭራሽ።

ሌላው ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ መዘግየት ነው። ገንዘብ ያዥዋ ብር ስታነሳ እጅ ከፍንጅ ተያዘች። ባለቤቱ ራራና «ፋሲካ ይለፍ» አለ። ፋሲካም አለፈ፣ ክረምቱም ገባ። ሐምሌ ላይ ተጣሉና አባረራት። ጥፋቱን ካወቃችሁ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበታችሁ በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብታችሁ ያበቃል። ሰራቂዋ እሷ፣ ከፋዩ እሱ ሆነ። ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ካላግባብ ከተሰናበተ ወይ ወደ ሥራ ይመለሳል፣ ወይ የ180 ቀን ደመወዝ ይከፈለዋል። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያም አለ፤ ስንብት ክፍያውም አልቀረም።

መፍትሄው፦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ጥፋቱ በተፈጸመ ሰሞን ይጻፍ። በሁለት ቅጂ። የትኛው ቀን እንደቀረ በግልጽ ይጠቀስ፤ «በሥነ ምግባር ጉድለት» ብሎ መዝጋት ምንም አይረዳችሁም። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር «ተሰጥቶት አልቀበልም ብሏል» ብለው ይፈርሙ። የስንብት ደብዳቤ ምክንያቱንና ስንብቱ የሚጸናበትን ቀን ይያዝ። ሰውየው ካልተገኘ ወይም ካልተቀበለ በሥራ ቦታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ 10 ተከታታይ ቀን ይለጠፍ። ፎቶ አንሱት፣ ሰሌዳው ላይ ያለ ወረቀት ይቀደዳል። በቴሌግራም «ሰማህ ወንድሜ፣ ተስተካከል» ብላችሁ ልካችሁ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁ አትበሉ። የመገኛ ፊርማ መዝገቡንም አትጣሉ፤ ያለ እሱ መቅረቱን በምን ታስረዳላችሁ?

ሌሎቹ፦ ሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ «ትንሽ ልየው» ብሎ ማራዘም የለም። ለቋሚ ሥራ በየሦስት ወሩ ውል ማደስ ሠራተኛውን ጊዜያዊ አያደርገውም። ሲሰናበት ሒሳቡ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይዘጋ፤ ካለበቂ ምክንያት ካጓተታችሁ እስከ 3 ወር ደመወዝ ልትቀጡ ትችላላችሁ።

ከፎቶ ኮፒ ቤት የምትገዙትን የውል ቅጽ ደግሞ አንብቡት፣ እባካችሁ። የተሻረውን አዋጅ 377/96 የሚጠቅስ አሁንም ይሸጣል። የዓመት ፈቃዱንም 14 ቀን ይላል። አሁን 16 የሥራ ቀን ነው።