ቀንድ አውጣዋ ምን አጠፋች?

«ገዛሁት፣ ግን ምንም አልሠራልኝም።» ሱቄ ውስጥ በሳምንት ሦስት አራቴ እሰማዋለሁ። የሚታማው ስኔይል ሙሲን ነው፤ ኮሪያዎቹ ያስለመዱን፣ ከቀንድ አውጣ ፈሳሽ የሚሠራው፣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለገው የፊት ሴረም። መጀመሪያ የምጠይቀው «ስትቀቢው ፊትሽ እርጥብ ነበር?» ብዬ ነው። «አይ፣ በፎጣ ጥርግ አድርጌ ነው።»

ተይ እንጂ! ይሄ እኮ ቅባት አይደለም። ውስጡ ያለው እንደ ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለ ነገር ሥራው ውሃ መያዝ ነው። የሚይዘው ውሃ ከሌለ ምን ይሥራ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከጥቅምት በኋላ አየሯ ደረቅ ነው። በደረቅ ፊት ቀብተሽ፣ ከላይ ክሬም ሳትደርቢ ከወጣሽ ያለሽም እርጥበት ይተናል። ፊትሽ ውጥር ይላል። እኔ ራሴ ስጀምር እንዲሁ ሳደርግ ከረምኩ። ጉንጬ ሲላጥ «ለሐበሻ ቆዳ አይሆንም» ብዬ ለእህቴ ሰጠኋት። እሷ ታጥባ ውሃው ሳይደርቅ ትቀባለች፣ ከላይ ክሬሟን ትደርባለች። በወሩ ፊቷ ለሰለሰ። መልሺልኝ ማለት አፈርኩ።

ደግሞ አታብዢው። ሲበዛ ከሰንስክሪኑ (ከፀሐይ መከላከያው) ጋር እየተጠቀለለ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ ይረግፋል።

ማድያት ያጠፋል ያለሽ ሰው ሊሸጥልሽ ፈልጎ ነው። እኔም እሸጣለሁ፣ ግን ይሄን አልልም። ፊት ያረጥባል፣ ያለሰልሳል። ማድያት ግን በየቀኑ ሰንስክሪንና የቆዳ ሐኪም ይፈልጋል።

የጠርሙሱን ጀርባ አንብቢ። የይዘቱ ዝርዝር የሚጻፈው ብዙ ካለው ወደ ትንሹ ነው። የታወቀው የኮሪያው ኩባንያ የኮስአርኤክስ ምርት 96 በመቶው የቀንድ አውጣ ፈሳሽ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ፊት ለፊቱ ላይ ትልቅ ቀንድ አውጣ ይሥልና፣ ዝርዝሩ ላይ ስሟን ከሽቶው በታች ታገኚዋለሽ።

ክንድሽ መታጠፊያ ላይ ቀብተሽ ሁለት ቀን ሳትጠብቂ ፊትሽን አትንኪ። የቤት አቧራ አለርጂ ካለብሽማ የግድ ነው፤ አቧራ የሚያስቆጣውን ሰው ቀንድ አውጣም ልታስቆጣው ትችላለች።

(«በጾም ይቀባል?» ለሚሉኝ፦ እሱን ለንስሐ አባታችሁ።)

ባለፈው ክረምት አንዷ ደንበኛዬ ከጓሮዋ ጎመን ላይ ቀንድ አውጣ ለቅማ ፊቷ ላይ ማስኬዷን በኩራት ነገረችኝ። ደነገጥኩ። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ተጣርቶ የተዘጋጀ ነው፤ የጓሮዋ ግን አፈርና ጀርም፣ አንዳንዴም ጥገኛ ትል ይዛ ነው የምትሄደው። ይሄን ሁሉ አስረድቼ «ለመሆኑ ምን አስቦሽ ነው?» አልኳት።

«ዋጋሽን አይቼ ነዋ!»