ኤሌክትሪክ መኪና የጫነ ተሳቢ ከሞተርሆም (መኖሪያ ቤት ያለው መኪና) ኋላ ሲወዛወዝ

ምልክቱ፦ በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ሰላም ነው፤ 85 አካባቢ ሲደርስ ተሳቢው ግራ ቀኝ መወርወር ይጀምራል፣ ቁልቁለት ላይ ይብስበታል። መኪናው አራቱም ጎማው ተሳቢው ላይ ወጥቶ የተጫነ ነው። (አብዛኛው ኤሌክትሪክ መኪና ጎማው መሬት ላይ እየተንከባለለ አይጎተትም፤ ሞተሩ ከጎማው ስለማይላቀቅ እየዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ይግላል።)

በመጀመሪያ የተሳቢውን ጎማዎች ንፋስ አስተካከልኩ። ለውጥ የለም። መወዛወዝ የሚቀንስ ብረት ገጠምኩ፤ የሚጀምርበትን ፍጥነት ትንሽ ገፋው እንጂ አላጠፋውም።

ከዚያ ተሳቢውን ፈትቼ፣ ጎማውን በታኮ ደግፌ፣ አፍንጫው (የሞተርሆሙ መጎተቻ ጋንቾ ላይ የሚያርፈው የፊት ጫፉ) ስር ሚዛን አስቀመጥኩ፦ 150 ኪሎ። መኪናው 1,750፣ ተሳቢው 800፣ ድምሩ 2,550 ነው። አፍንጫው ላይ ያረፈው 6 በመቶ ብቻ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ተሳቢ የሚፈለገው ከ10 እስከ 15 ነው። የቤንዚን መኪና ክብደቱ ወደ ፊት ያደላል፤ የኤሌክትሪኩ ግን ባትሪው ወለሉ ስር ስለተነጠፈ ወደ መሃል ነው። ለቤንዚን መኪና ተለክቶ የታሰረው የጎማ ማቆሚያ ለዚህኛው ወደ ኋላ ቀርቷል።

ማቆሚያውን 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት አዛወርኩ። ከተሳቢው አክስል እስከ ጋንቾው 4 ሜትር ስለሆነ፣ 1,750 × 0.30 ÷ 4 ወደ 131 ኪሎ ይጨምራል። ሚዛኑ 280 አሳየ፤ 11 በመቶ። አሁን 95 ላይም ቀጥ ብሎ ይከተላል።

አስቀድማችሁ ጋንቾው የሚችለውን ክብደት እዩ። የሞተርሆሙንም የኋላ አክስል አስመዝኑ፤ ጋንቾው ከአክስሉ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር፣ አክስሉ ላይ የሚያርፈው ጭነት ከ280ውም ይበልጣል።