የጃፓን ሴቶችን የኑሮ ለውጥ በቀድሞ ፊልሞች እንዴት መከታተል ይቻላል?

የጃፓን ሴቶች በማኅበረሰቡ ውስጥ የነበራቸው ቦታ እንዴት እንደተለወጠ ከቀድሞ ፊልሞች መረዳት የሚፈልግ ተመልካች አስቀድሞ አንድ ልማድ መተው ይኖርበታል፤ ይኸውም ኪሞኖ የተባለውን የጃፓን ባህላዊ ልብስ የለበሰችውን የአሮጌው ሥርዓት፣ ኮፍያ ያደረገችውን ደግሞ የነጻነት ምልክት አድርጎ መቁጠር ነው። ልብስ ያሳስታል። ይልቁንስ ሴቲቱ የምታገኘው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድና የጋብቻዋን ጉዳይ ማን እንደሚወስን ይከታተሉ።

ፊልሞቹን ከመክፈትዎ በፊት ሕጉን ይወቁ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1898 ሥራ ላይ የዋለው የቤተሰብ ሕግ የቤቱን ሰው ሁሉ ከአባወራው ሥልጣን ሥር ያደረገ ሲሆን፣ ለጋብቻም የእርሱን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ሴቶች በኤፕሪል 1946 ለመጀመሪያ ጊዜ በብሔራዊ ምርጫ ድምፅ ሰጡ፤ 39 ሴቶችም ምክር ቤት ገቡ። በ1947 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ብቻ እንደሚመሠረት ደነገገ።

ከኬንጂ ሚዞጉቺ የ1936 ፊልም፣ ከ«የኦሳካ ሙሾ» ይጀምሩ። የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛዋ አያኮ አባቷ ያጎደለውን 300 የን ለመተካት ስትል የአለቃዋ ቅምጥ ትሆናለች፤ ቀጥሎም የወንድሟ የትምህርት ክፍያ ይመጣባታል። ፖሊስ ከለቀቃት በኋላ ወደ ቤት የምትመለስበትን የእራት ትዕይንት ደግመው ይዩት፤ ፊት የሚነሷት ገንዘቧን የበሉት ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ ድልድይ ላይ ብቻዋን ስትቆም የለበሰችው ዘመናዊ የምዕራባውያን ልብስ ነው።

ቀጥለው የያሱጂሮ ኦዙን የ1951 ፊልም፣ «ባኩሹ»ን ይመልከቱ። ቃሉ ገብስ የሚደርስበት ወቅት ማለት ስለሆነ፣ የገብስ አዝመራ ለሚያውቅ አንባቢ ከእንግሊዝኛው ርእስ («Early Summer») ይልቅ ይህኛው ይቀርበዋል። ሴትሱኮ ሃራ የምትጫወታት ኖሪኮ የ28 ዓመት የቢሮ ጸሐፊ ናት። ቤተሰቧ አለቃዋ ለባልነት ያቀረበላትን ባለጸጋ ሲያጠያይቅ፣ እርሷ ግን ማንንም ሳታማክር ልጅ ያለው ጎረቤት ሐኪም ለማግባት ለእናቱ እሺ ትላለች። እዚህ ላይ ከኖሪኮ ይልቅ የታላቅ ወንድሟን ፊት ያስተውሉ፤ ይቆጣል እንጂ ሊከለክላት አይችልም። ለእኔ አንቀጽ 24ን ከዚህ ትዕይንት የበለጠ ያብራራልኝ ጽሑፍ የለም።

በመጨረሻ የሚኪዮ ናሩሴን የ1960 ፊልም፣ «ሴት ደረጃ ስትወጣ»ን ይያዙ። ሂዴኮ ታካሚኔ የምትጫወታት ኬይኮ በቶኪዮ ጊንዛ ሰፈር በመጠጥ ቤት የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ኪሞኖዋ የሥራ ልብሷ ነው፤ ጋብቻ የምትፈልግ ከሆነም የምትመርጠው ራሷ ናት። ወንድሟ ግን ለጠበቃና ለልጁ እግር ቀዶ ሕክምና የሚሆን ገንዘብ ይጠይቃታል። ይህን ጥያቄ እንደሰሙ ፊልሙን ለአፍታ ያቁሙና የአያኮን የእራት ትዕይንት መልሰው ይክፈቱ።