ሊኑክሱ አልተበላሸም፣ ሰዓቱ ጠፍቶበት ነው

«ሊኑክሱ ተበላሽቷል፣ መጥተህ ፎርማት አድርግልኝ።» ስልኬ ሲጠራ ብዙ ጊዜ የምሰማው ይህንን ነው። ፍላሼን ይዤ እሄዳለሁ። ፍላሹ ግን ከኪሴ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥም ሆነ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ስወርድ ደጋግሜ የማገኘው ጥፋት አንድ ዓይነት ነው። መድኃኒቱም የሳንቲም ያህል የምታክል ባትሪ ናት።

ይህ ኡቡንቱ፣ ሚንትና ዴቢያን የሚባሉትን የሊኑክስ ዓይነቶች ለምትጠቀሙ ነው። ሶኬቱን፣ ዲቫይደሩንና የኔትወርክ ገመዱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ ከታይምዞን ስም በቀር በትንንሹ ነው የሚጻፉት።

ምልክቱ፦ ዋይፋይ አለ፣ ድረ ገጽ ግን አይከፈትም

ዋይፋዩ ተገናኝቷል። ስልካችሁ በዚያው ዋይፋይ ይሠራል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ፋየርፎክስ «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» እያለ ገጹን ሁሉ ይመልሳል። ፕሮግራም ለማደስ «ሱዶ ኤፒቲ አፕዴት» ስትሉ ደግሞ ፋይሉ ገና አልጸናም፣ ይህን ያህል ሰዓት ይቀረዋል ብሎ እምቢ ይላል። አንዳንዱ ማሽን ሲነሳ ዲስኩን ይፈትሽና «ይህ ዲስክ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው ወደፊት ነው» የሚል ነገር ይጽፋል። ሰው ይህን ሲያነብ ቫይረስ ይመስለዋል። ቫይረስ አይደለም።

እያንዳንዱ ድረ ገጽ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል የምስክር ወረቀት አለው። የኮምፒውተራችሁ ቀን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ከሆነ ወረቀቱ ለእሱ ገና አልተጻፈም። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት የሚሰጠው፣ ብዙ ገጾች የሚጠቀሙበት ወረቀት ዕድሜው ቢበዛ 90 ቀን ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ጥቂት ሳምንት ወደ ኋላ ከቀረ ብዙ በር ይዘጋባችኋል።

ለምን ሰዓቱ ይጠፋል?

ሰዓቱን የምትቆጥረው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ቺፕ ናት። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ገመዱ ሶኬት ላይ ካለ ከመብራት ትንሽ እየወሰደች ትቆጥራለች። መብራት ሲሄድ ነው ያቺ የሳንቲም ያህል ባትሪ (የሲሞስ ባትሪ ይሏታል) የምታስፈልጋት። መብራት የማይቋረጥበት ቤት ባትሪው ሞቶ ዓመት ቢቆይ ማንም አያውቅም። እኛ ጋ ግን መብራት ይሄዳል። ባይሄድም ሰው ማታ ዲቫይደሩን ይነቅላል። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ስንቱን ፓወር ሰፕላይ እንዳቃጠለ ስለማውቅ፣ በዚህስ አልፈርድባቸውም።

ድሮ ባትሪ የሞተበት ኮምፒውተር ዓመቱን ጭራሽ የማይሆን ቦታ ይወስደው ስለነበር ማንም ሰው ያውቀዋል። የዛሬው ሊኑክስ ግን ብልጥ ነው። የመጨረሻውን ሰዓት ፋይል ላይ እያስቀመጠ፣ ሲነሳ ቢያንስ ከዚያ ይጀምራል። ዓርብ ማታ መብራት ከሄደ ሰኞ ጠዋት ስታበሩት ዓርብ ማታ ላይ ነው ያለው። ዓመቱ ትክክል፣ ወሩም ትክክል። እናንተም ዓይናችሁን ጣል አድርጋችሁ «ሰዓቱማ ደህና ነው» ትሉኛላችሁ። ቀኑን እስከ ደቂቃው አንብቡልኝ!

ኔትወርክ ሲያገኝ ራሱ ማስተካከል ነበረበት። የአንዳንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ግን ሰዓት የሚመጣበትን 123 ቁጥር ፖርት ይዘጋል። ያኔ ሰዓቱ ወደ ኋላ እንደቀረ ይቀራል፣ መብራት በሄደ ቁጥርም መዘግየቱ ይጨምራል።

መፍትሔው

«ታይምዴትሲቲኤል» ብላችሁ ኤንተር። «ዩኒቨርሳል ታይም» የሚለው መስመር በፈረንጅ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ሰዓት በ3 ሰዓት ማነስ አለበት። «አርቲሲ ታይም» የሚለው የማዘርቦርዱ ሰዓት ነው። ሲንክሮናይዝድ በሚለው ፊት «ኖ» ካለ ከኔትወርክ ሰዓት አላገኘም ማለት ነው።

በእጅ ለማስተካከል «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ፎልስ» በሉ። ይህን ካልቀደማችሁ የሚቀጥለውን አይቀበልም። ከዚያ «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይም» ብላችሁ በጥቅስ ውስጥ ዓመት-ወር-ቀን፣ ክፍት ቦታ፣ ሰዓት:ደቂቃ። ዓመቱ የፈረንጅ፣ ሰዓቱም የፈረንጅ። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ስትጨርሱ ሴት-ኤንቲፒን ወደ «ትሩ» መልሱት። ማዘርቦርዱ ላይም ሰዓቱ አብሮ ይጻፋል።

ይህ ግን ዛሬን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ባትሪውን ለውጡ።

ስለ ባትሪው

የምትፈልጉት ሲአር 2032 የሚባለውን ነው። ቁጥሩ ዝም ብሎ አልተሰጠም። 20ው ስፋቱ በሚሊሜትር ነው፣ 32ቱ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። 3 ቮልት ነው። አዲስ ሲሆን መልቲሜትር ላይ ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል። 2.8 እና ከዚያ በታች ካያችሁ አትመራመሩ፣ ጣሉት።

አንድ ጊዜ ደብረ ሲና አንድ ጽሕፈት ቤት ለዚሁ ባትሪ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ጣርማ በርን በጉም፣ ፊት ያለው መኪና እንኳ ሳይታይ። ባትሪውን እዚያው ካለ ሱቅ ራሳቸው ገዝተው አስቀይረውታል። ለካሁት፣ 3.1 ቮልት። ሰዓቱን አስተካክዬ ተመለስኩ። በሳምንቱ ስልክ፦ «ያው ሆነ።» ሁለተኛ ሄድኩ፣ ያው 3.1። ማዘርቦርዱን ጠረጠርኩ። በሦስተኛው ባትሪውን አውጥቼ መስኮት ሥር ገልብጬ አነበብኩት። 2025! ስፋቱ አንድ ነው፣ ውፍረቱ ግን 2.5 ሚሊሜትር። መቀመጫው ውስጥ እየተንቀሳቀሰ፣ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ይለቃል። ከሥሩ ደግሞ ታጥፎ የተወተፈ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ነበረ። ከኔ በፊት የመጣው «ባለሙያ» መላ መሆኑ ነው። ብልጭልጩ ቦርዱ ላይ ሌላ ነገር ነክቶ ቢሆን ኖሮ ማዘርቦርዱን ሊጨርሰው ይችል ነበር። ትክክለኛውን ባትሪ አስገባሁ፣ ለልጆቼ ቆሎ ገዝቼ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አልደወሉም።

ሲገዙ በቁና ከተከመረ፣ ማሸጊያ ከሌለው ባትሪ ራቁ። እርስ በርሳቸው እየተነካኩ ሱቅ ውስጥ ያልቃሉ።

ስትቀይሩ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ። በስለታም ካቻቢቴ አትፈንቅሉት፣ መያዣው ከተሰበረ ጣጣ ነው። አሮጌውን ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ፦ ሕፃን ከዋጠው ጉሮሮውን በሰዓታት ውስጥ ያቃጥላል፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። ይህን ደንበኞቼን ሁሉ እለምናለሁ።

ሰዓቱን ሰው ሲያበላሸው

ቀኑን የማልረሳው ኅዳር ሲታጠን ስለነበረ ነው፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.። ከተማው በየደጁ በሚቃጠል ቆሻሻ ጭሷል። አንድ መሥሪያ ቤት ጠሩኝ። ጸሐፊዋ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «ወንድሜ፣ ትናንት የሠራሁት ደብዳቤ ጠፍቷል፣ ኢንተርኔቱም ሞቷል።»

ከታች ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየሁ። ማርች 12፣ 2017።

ሰኞ ዕለት፣ ኅዳር 9፣ ኃላፊው ሰዓቱ ወደ ኋላ መቅረቱን አይተው በራሳቸው አስተካክለውታል። አውቶማቲክ የሚለውን አጥፍተው ዓመት 2017፣ ኅዳር ሦስተኛ ወር ስለሆነ ወር 3፣ ቀን 9። ሰዓቱም ጠዋት 3 ሰዓት ስለነበረ 3:00። በኛ አቆጣጠር አንድም ስህተት የለበትም። ኮምፒውተሩ ግን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጭ አለ።

ደብዳቤው አልጠፋም ነበር። ፋይሎቹ በቀን ቅደም ተከተል ስለሚደረደሩ አዲሱ እታች፣ ከአሮጌዎቹ ሁሉ ሥር ወርዷል። የባሰው ሌላ ነው። ማታ ማታ ፋይሎቹን ወደ ውጭ ዲስክ የሚገለብጠው አርሲንክ የሚባል ፕሮግራም «ዩ» የሚል ምልክት ተጨምሮበታል። ትርጉሙ፣ ዲስኩ ላይ ያለው አዲስ ከሆነ አትንካው። በዚህ የተነሳ ያስተካከሏቸው የቆዩ ፋይሎች ሦስት ሌሊት ሙሉ አልተገለበጡም። ሰዓቱን መለስኩ፣ የሦስቱን ቀን ፋይሎች «ተች» በሚለው ትእዛዝ ቀናቸውን አደስኩ፣ አርሲንክን እንደገና አስኬድኩ። ኃላፊውን «ጋሼ፣ ሁለተኛ አይንኩት» አልኳቸው። ሳቁ እንጂ ቃል አልገቡልኝም።

ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ላይ ሲሆኑ

ሊኑክሱ ሁልጊዜ ልክ በ3 ሰዓት ከቀደመ ባትሪ አይደለም። ዊንዶውስ ማዘርቦርዱ ላይ የአዲስ አበባን ሰዓት ይጽፋል፣ ሊኑክስ ደግሞ የተጻፈውን የዓለም ሰዓት ነው ብሎ 3 ይጨምርበታል። «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ይበቃል። ማስጠንቀቂያ ያሳያችኋል። በዓመት ሁለቴ ሰዓት የሚቀይሩ አገሮች ይጨነቁበት፣ እኛ አንቀይርም።

ሌሎቹ፣ ባጭሩ

ፊደል ሳይሆን አራት ማዕዘን ካያችሁ የአቢሲኒካ ፎንት ጫኑ። ጥቁር ገጽ ላይ «ኢኒትራምኤፍኤስ» ብሎ ከቆመ «ኤፍኤስሲኬ» የሚለውን ዲስክ ጠጋኝ ትእዛዝ ከዲስኩ ስም ጋር ጻፉ። የይለፍ ቃል ተቀብሎ መልሶ ወደ መግቢያው ከወረወራችሁ ዲስኩ መሙላቱን በ«ዲኤፍ» እዩ። በርካሽ የገዛችሁት ትልቅ ፍላሽ ሊኑክስ ሲጫን መሃል ላይ ካቆመ፣ ውስጡ የተጻፈበትን ያህል አይደለም። ተጭበርብራችኋል።

የኛን ሰዓት ለሚፈልግ

ጠዋት 9:00 እያየ 3 ሰዓት ማለት የሰለቸው ሰው ሰዓቱን አይቀይር። ታይምዞኑን ይቀይር። ቦነስ አይረስ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ ዞኑን በ«ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን» ወደ ቦነስ አይረስ ብትወስዱት ስክሪኑ ልክ 3:00 ይላል። ውስጡ ያለው የዓለም ሰዓት ስለማይነካ ድረ ገጹም፣ ኤፒቲውም ይሠራል። ቀኑ ራሱ እንደ አገራችን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይለወጣል። የከተማዋን ስም ማየት ካልፈለጋችሁ «ኢቲሲ/ጂኤምቲ+3» አለ። እዚህ መደመር ማለት መቀነስ ነው። በመቀነስ የጻፈው ሰው ያው የአዲስ አበባን ሰዓት ያገኝና «አልሠራም» ይለኛል።

ማሽኑን ለብዙ ሰው የምታደርጉት ከሆነ ስክሪኑ ጥግ ላይ ወረቀት ለጥፉ። እኔ ሳልለጥፍ አንድ ሂሳብ ሠራተኛ ጋ አድርጌው ነበር። በወሩ ሌላ ጠጋኝ ደወለልኝ፦ «ስማ፣ ይሄ ኮምፒውተር ከአርጀንቲና ነው እንዴ የመጣው?»