«አሜሪካዊ ነዎት?» ከማለታችሁ በፊት

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ እየተሻገርን ነበር። ከቺካጎ የመጣ አንድ ወጣትና ከኮሎምቢያ ዋና ከተማ ከቦጎታ የመጡ ባልና ሚስት አብረውኝ አሉ። ወጣቱን «ዛሬ ጀልባችን ውስጥ ያለኸው አሜሪካዊ አንተ ብቻ ነህ» አልኩት። ሴትዮዋ ሰሙና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እኔም እኮ አሜሪካዊት ነኝ» አሉኝ። እኔም አዋቂ መስዬ አረምኳቸው። «አይ እናቴ፣ እርስዎ ኮሎምቢያዊት ነዎት» አልኩ። ከዚያ በኋላ ዘጌ እስክንደርስ ቃል አልተነፈሱም። በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስንወጣም ዝም እንዳሉ ነበር። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ይህን የምጽፈው እንደኔ እንግዳ ለምታስጎበኙ፣ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ለቆማችሁ፣ ባጃጅ ለምትነዱ ልጆች ነው። ሰው ስሙን ሲነጠቅ ያመዋል። የአገሩና የአህጉሩ ስምም የሰው ስም ነው።

መጀመሪያ አጠያየቃችሁን አስተካክሉ። መልኩን አይታችሁ «አሜሪካዊ ነዎት?» አትበሉ። «ከየት አገር መጡ?» በሉ። እንግዳው «ከአሜሪካ» ካለ አትከራከሩ፣ አትገምቱም። «እንኳን ደህና መጡ! ከየትኛው ከተማ?» ብላችሁ ቀጥሉ። ከተማው ሁሉንም ይፈታዋል። የዩናይትድ ስቴትሷን ሂዩስተን ካለ ገባችሁ። የፔሩዋን ሊማ ካለም ገባችሁ። ማንም ሳይታረም፣ ማንም ሳያፍር ወሬው ይቀጥላል። እኔ ይህችን አንዲት ጥያቄ ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶብኛል። እናንተ ዛሬውኑ ያዟት።

ቀጥሎ ነገሩ ከየት እንደመጣ እወቁ። እንግዳ ይጠይቃችኋልና።

እኛ ትምህርት ቤት ሰባት አህጉራት ብለን ነው የተማርነው። ሰሜን አሜሪካ አንድ፣ ደቡብ አሜሪካ ሌላ። ላቲን አሜሪካ ውስጥ ያደገ ልጅ ግን ከአላስካ እስከ አርጀንቲና ጫፍ አንድ አህጉር፣ ስሙም አሜሪካ ተብሎ ነው የሚማረው። የኦሎምፒክን አምስት ቀለበቶች አስታውሱ። እዚያም አሜሪካ አንድ ቀለበት ናት። ስለዚህ የቦጎታዋ እናት አልተሳሳቱም። እኔ ኢትዮጵያዊ ሆኜ «አፍሪካዊም ነኝ» ማለቴ ስህተት ይሆናል? እሳቸውም ያሉት ይህንኑ ነው።

ስሙም ቢሆን መጀመሪያ ያረፈው ደቡብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1507 ማርቲን ቫልድዜሙለር የተባለ ጀርመናዊ ካርታ ሠሪ ከባልደረቦቹ ጋር «አሜሪካ» የሚለውን ቃል ካርታ ላይ አሰፈረ። ቃሉን የወሰደው ከፍሎረንሱ መርከበኛ ከአሜሪጎ ቬስፑቺ ስም ነው። የጻፈበት ቦታ ዛሬ ብራዚል ባለችበት አካባቢ ነው። ለሰሜኑም ለደቡቡም ስሙን የሰጠው መርካቶር የተባለ ሌላ ካርታ ሠሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1538። የዛሬዋ ዩናይትድ ስቴትስ ነፃነቷን ያወጀችው ደግሞ በ1776 ነው። ይህን ጀልባ ላይ ስናገር የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ እንግዶች ፊታቸው ይበራል። የሚገርመው፣ የዚያ የ1507 ካርታ ብቸኛ ቅጂ ዛሬ ያለው ዋሽንግተን፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

እኛ ጋ «ፈረንጅ» የሚለውን ቃል አስቡት። መነሻው ፍራንኮች የሚባሉ አንድ የአውሮፓ ሕዝብ ናቸው። የአንድ ሕዝብ ስም ሰፍቶ የነጭ ሁሉ ስም ሆነ። «አሜሪካ» ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። የአህጉሩ ስም ጠብቦ በብዙ ሰው አፍ የአንድ አገር ሆነ። አንድ አገር ተነስቶ ስሙን «አፍሪካ» ቢል፣ ከዚያም የቢቡኝንና የደጋ ዳሞትን ሰው «አንተ እኮ አፍሪካዊ አይደለህም» ቢለው፣ እንዴት እንደሚያንገበግበን አስቡ።

የዩናይትድ ስቴትስ ሰዎችንም አትውቀሱ። የአገራቸው ስም ሌላ መጠሪያ አያወጣም። እኛም «ዩናይትድ ስቴትሳዊ» አንልም። «የዩናይትድ ስቴትስ ሰው» ብንል እንኳ የሜክሲኮ ሙሉ ስም «የሜክሲኮ ዩናይትድ ስቴትስ» ማለት ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች «ኤስታዶውኒደንሴ» የሚል ቃል አላቸው፣ የዩናይትድ ስቴትስ ሰው ለማለት። በእኛ አማርኛ ግን «አሜሪካዊ» ሲባል አድማጭ የሚረዳው የዚያች አገር ዜጋ እንደሆነ ነው። ስለዚህ በአማርኛ እንደዚያው ተናገሩ፣ ጻፉም። አህጉሩን ለማለት ስትፈልጉ «ከአሜሪካ አህጉር» በሉ። አንድ ቃል ጨመራችሁ ማለት እኮ ነው፣ ምንም አይከብድም። ከኮሎምቢያ ወይም ከአርጀንቲና እንግዳ ፊት ግን ስለ ዋሽንግተን ስታወሩ «ዩናይትድ ስቴትስ» በሉ። ልዩነቱን ያስተውላሉ።

ይህን ለጀልባ ነጂያችን ያስረዳሁት በኳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኮፓ አሜሪካ ሲካሄድ ውጤቱን በስልኩ ይከታተል ነበር። «አሜሪካ ከምድቧ ተሰናብታ እንዴት ዋንጫው ኮፓ አሜሪካ ይባላል?» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀው። ዋንጫው የሚጠራው በአህጉሩ ስም ነው አልኩት። የዚያ ዓመት አዘጋጅ ዩናይትድ ስቴትስ ብትሆንም ፍጻሜ የደረሱት አርጀንቲናና ኮሎምቢያ ናቸው፤ አርጀንቲና 1 ለ 0 አሸነፈች። ልጁ ትንሽ አሰበና «እንደ አፍሪካ ዋንጫ በለኛ!» አለ። አዎ፣ እንደ አፍሪካ ዋንጫ።

ካናዳዊ ከመጣ ተጠንቀቁ። አህጉሩ ሰሜን አሜሪካ ነው፣ አነጋገሩም ለጆሯችን ከቺካጎው ልጅ አይለይም። «አሜሪካዊ» ስትሉት ግን አብዛኛው ይከፋዋል። ሜክሲኳዊውን ደግሞ «ደቡብ አሜሪካዊ» አትበሉት፤ ሜክሲኮ ያለችው ሰሜን አሜሪካ ነው። በካሪቢያን ባሕር ባለችው የዩናይትድ ስቴትስ ግዛት፣ በፖርቶ ሪኮ፣ የተወለደ ሰው ስፓኒሽ ይናገራል፣ ግን እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ የፖርቶ ሪኮ ሰዎች የዩናይትድ ስቴትስ ዜጎች ናቸው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያለችው ሌላዋ ግዛት፣ የአሜሪካ ሳሞአ፣ ተወላጆች ጉዳይ ደግሞ ይለያል። የዩናይትድ ስቴትስን ፓስፖርት ይይዛሉ፣ በመወለድ ብቻ ግን ዜጋ አይሆኑም። እዚያው አገር ውስጥም ነገሩ ቀላል ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁር ሰው ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈርዶ ነበር። ያንን የሻረው በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። የምድሪቱ ቀደምት ነዋሪዎች እንኳ ሁሉም ዜጋ የተባሉት በ1924 ነው። ከሁሉም ቀድመው የነበሩት ሰዎች! ይህን ሳነብ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች ልምጣ። ብዙ ስህተት የምንሠራው እዚህ ጋ ነው።

ዲቪ የደረሰው ሁሉ አሜሪካዊ አይደለም። ሰፈር ውስጥ «የእትዬ እገሊት ልጅ አሜሪካዊ ሆነ» ይባላል። ግሪን ካርድ ግን የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ልጁ የያዘው ፓስፖርት ኢትዮጵያዊ ነው፣ እሱም ኢትዮጵያዊ ነው። ዜግነት ለመጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት፣ ከዜጋ ጋር ተጋብቶ ለሚኖር ደግሞ 3 ዓመት መቆየት ያስፈልጋል። ከዚያ ፈተና አለ፣ ቃለ መሐላ አለ። ቃለ መሐላውን ሲፈጽም ደግሞ በእኛ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996፣ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። ሁለቱን መያዝ አይቻልም። ለእንደዚህ ያሉ ሰዎች የወጣው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፤ እኛ «ቢጫ ካርድ» የምንለው። የያዘው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ በምርጫ ግን ድምፅ አይሰጥም።

አንድ የቢቸና ሰው ከልጆቻቸው ጋር ከቨርጂኒያ መጥተው አስጎበኘኋቸው። አያ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ትኬት የሚቆረጥበት ቦታ ስንደርስ ፓስፖርት ተጠየቁ። ሰማያዊውን አወጡ። ቢጫ ካርዳቸውን ሆቴል ትተውታል። «እንግዲያው የፈረንጅ ነው የሚከፍሉት» አላቸው ቆራጩ፣ ልጆቻቸው ፊት። ብሩ አልነበረም የከበዳቸው። አፈሩ ላይ ጎንበስ ብለው ትንሽ ቆዩና «እኔ እዚህ ነው ጥጃ የጠበቅኩት» አሉ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው። በዋዜማው ማታ እደውላለሁ። «አያ፣ ነገ ሰነድ ይጠይቁናል፤ ያለዎትን ሁሉ ይያዙልኝ» እላለሁ። «ዜግነት ቀይረዋል?» ብዬ በሰው ፊት አልጠይቅም። ትኬት ቆራጩ ጋ ቀድሜ ሄጄ የትኛው ሰነድ በየትኛው ዋጋ እንደሚያስገባ አጣራለሁ። ልጆቻቸውን ደግሞ «እናንተስ ምን ነን ትላላችሁ?» እላቸዋለሁ። አንዷ «ኢትዮጵያዊት አሜሪካዊት» ትላለች። ወንድሟ «አሜሪካዊ» ይላል። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱንም እንዳሉት እጠራቸዋለሁ።

ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኔ አዲስ አበባ ስሄድ ጎጃሜ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ስሄድ «ከወዴት ነህ?» ይሉኛል፤ «ከአቸፈር» እላለሁ። አቸፈር ስገባ ቀበሌዬን፣ ከዚያም «የማን ልጅ ነህ?» ብለው አባቴን ይጠይቁኛል። አንዱም ውሸት አይደለም። ወረቀት ላይ የሚሞላውን ፓስፖርቱ ይወስናል፤ ጀልባ ላይ የሚወራውን ግን ሰውየው ራሱ።

እንግዳ ከቀነሰ ቆይቷል፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ይህን ባዶ ጊዜ ተጠቀሙበት። ደብተር ግዙና ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ከተማ፣ አገር፣ «ራሴን የምጠራው»። እንግዳው በራሱ እጅ ይሙላው። የኔ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ የቦጎታዋ እናት ጽሑፍ አለ። ከዘጌ ስንመለስ፣ ወደቡ ላይ ይቅርታ ጠይቄያቸው ስክሪፕቶ ሰጠኋቸው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ረጅም ሰዓት ወሰዱ። «አሜሪካዊት» ብለው ጻፉና ከሥሩ በወፍራሙ አሰመሩበት።